ሚልክያስ ዳልጮ እና ሊያልቁ የተቃረቡ ነገሮች ሁሉ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዕድሩና በየጸሎት ቤቱ፣ ገና ያላለቀ ነገር ሊያልቅ መሆኑን እንዲነግረን የተሾመ አንድ ሰው አለ። ማን እንደሾመው አይታወቅም። ደመወዝ የለውም፤ ምስጋናም አያገኝም። እሱ ባይኖር ግን አገሩ በሙሉ መታወቂያው ያለፈበት፣ ሻማው ያለቀበት፣ ወጡ ሳይበስል ጋዙ የጠፋበት ሆኖ ይቀር ነበር። እናንተም ዘንድ አንድ አለ። ስሙን አሁን በልባችሁ ጠርታችሁታል።

የእኛው ክቡር አቶ ሚልክያስ ዳልጮ ይባላል። ሶዶ ውስጥ ሬጅስትራር ሆኜ በምሠራበት የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣ የሰርቨሩ ሞግዚት፣ የማብቂያ ቀኖች ሁሉ የበላይ ጠባቂ ነው። ሰላምታው እንደ ሰው «እንዴት አደርሽ» አይደለም። «እህቴ ሐመልማል፣ መታወቂያሽ መቼ ነው የሚያልቀው?» ነው። «ገና ነው» ብላችሁ ከመለሳችሁ ጣቱን ወደ ሰማይ ያነሳል።

«ገና ነው ያለ ሰው፣ አልቆበታል!»

ይህ ሰው በማውቀው ዘመን ሁሉ ሊያልቅ ስለተቃረበ ነገር አፉን የዘጋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሊያልቅ የነበረው የእኔ ሥራ ነው፤ ሥራዬ ብቻም አልነበረም። እዚያ እንደርሳለን።

የሶዶ ባጃጅ ነጂዎች ከሩቅ ያውቁታል። ከመሳፈሩ በፊት ጎንበስ ብሎ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ቦሎ ያነባል። የዓመቱ ምርመራ ሊያልፍ የተቃረበ ከሆነ አይሳፈርም፤ አይሄድምም፤ ቆሞ ይመክራል። ቦልቴ የሚባለው የመናኸሪያ ባጃጅ ነጂ ምክሩ ሲመረው ቦሎው ላይ «ኢየሱስ ያድናል» የሚል ስቲከር ለጠፈበት። ሚልክያስ የወንጌል አማኝ ነው፤ ስቲከሩን መላጥ አልደፈረም። ብዙ ካሰበ በኋላ ግን ፍርዱን ሰጠ።

«ቦልቴ፣ ኢየሱስ ያድናል። ትራፊክ ግን አያድንህም።»

«ጋሼ፣» አለው ቦልቴ ሞተሩን እያስነሳ፣ «ይገባሉ ወይስ እንጸልይ?»

ጃንጥላ የሚገዛው በጥር ነው። ሱቅ ገብቶ የብስኩቱን ጀርባ ሲያገላብጥ ባለ ሱቁ፣ «አቶ ሚልክያስ፣ ግዢ ነው ወይስ ኦዲት?» ይለዋል። የአጎቱ ልጅ የቤቴል ሠርግ ላይ፣ ሙሽራው ለፎቶ ፈገግ ብሎ በቆመበት ወደ ጆሮው ተጠግቶ አንድ ነገር ሹክ ሲለው አየሁ። ምርቃት መስሎኝ ነበር። ፎቶው ሲወጣ ግን ሙሽራው የኋላ ኪሱን እየዳበሰ ነው። መንጃ ፈቃድህ ታድሷል ወይ ብሎት ኖሯል።

ይህ ሁሉ የትርፍ ሰዓት ሥራው ነው። ዋናው ሰርቨሩ ነው።

የተማሪዎች ውጤት የሚታይበት ድረ ገጻችን የደህንነት ሰርተፊኬት የሚባል ነገር አለው። ገጹ የእኛ ለመሆኑ የሚመሰክር መታወቂያ ማለት ነው፤ ዕድሜው ግን ዘጠና ቀን ብቻ ነው። ቀድሞ በግዢ የሚመጣ የዓመት ሰርተፊኬት በነበረን ጊዜ፣ ከሚልክያስ በፊት የነበረው ሰው ረስቶት አለፈ። ገጹን የከፈተ ሁሉ «ይህ ገጽ አያስተማምንም» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ተቀበለው። በሳምንቱ አንድ አባት ከሁምቦ መጥተው፣ አቧራቸውን ሳያራግፉ ቢሮዬ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«ልጄ የተማረችው የት ነው?» አሉኝ።

መዝገቤ ውስጥ የልጅቷ ውጤት አንድም ስህተት አልነበረበትም። እሳቸው ግን አላመኑኝም። የመዝገብ ሰው ከዚህ የባሰ ቅጣት አያውቅም።

ዘጠና ቀን ለሌላው አጭር ነው፤ ለሚልክያስ ግን በረከት ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ቀኑን ጠብቆ እንዲያድስ ማድረግ ይቻል ነበር። እሱ አይፈልግም። «በራሱ ይሠራል የተባለ ነገር፣ መብራት ሲጠፋ ራሱን ይረሳል» ይላል። ስለዚህ ክራባቱን ያስራል፤ ፈጠነችን፣ የመዝገብ ቤት ባልደረባዬን፣ «ትንፋሽሽ ኬብል ይነቅላል» ብሎ ከሰርቨር ክፍሉ ያስወጣል፤ ከጥቁሩ ስክሪን ፊት ይቀመጣል። ማውስ መንካት፣ ምልክት መጫን የለም። አንድ መስመር ትዕዛዝ ይጻፋል፣ ሰርትቦት የሚባለው ፕሮግራም ያድሳል፣ በቃ። የትዕዛዙ የመጀመሪያ ቃል «ሱዶ» የከተማችንን ስም ለመምሰል ትንሽ ስለቀረው ሚልክያስ በዚህ ይኮራል።

ከመጨረሻው ወር በፊት ለማደስ ከሞከረ ፕሮግራሙ እሺ አይልም፤ ጊዜው ገና ነው ብሎ ይመልሰዋል። በምድር ላይ ሚልክያስን «ገና ነው» ብሎ ዝም የሚያሰኘው ይህ ፕሮግራም ብቻ ነው። ፈጠነች እንደምትለው፣ ከሚስቱ ቀጥሎ።

ከማደሱ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ ሙከራ አለ። ትዕዛዙ መጨረሻ ላይ አንዲት የሙከራ ቃል ትጨመራለች። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ሁሉን ነገር የእውነቱን ያህል ያደርጋል፤ ይጠይቃል፣ ያጣራል፣ መልስ ያመጣል። የሚቀይረው ነገር ግን የለም። ቢሳካም ባይሳካም ሰርተፊኬቱ እንደነበረ ነው። «እግዚአብሔር ለሰው ያልሰጠውን ዕድል ለዚህ ፕሮግራም ሰጠው» ይላል ሚልክያስ።

ባለቤቴ ጌታሁን የሚልክያስ ተቃራኒ ነበር። እዚያው ኮሌጅ ያስተምር ነበር፤ ለሁሉም ነገር መልሱ «ገና ነው» ነው። ሁለቱ ምሳ አብረው የሚበሉት ለመጨቃጨቅ ይመስለኝ ነበር።

«ጌቱ፣ የሞተርህ ቦሎ!»

«ገና ነው።»

«ነገ እኮ ነው የሚያልቀው!»

«ታዲያ ነገ ገና አይደል?»

በ2009 ኅዳር ላይ ጌታሁን ታሞ ሞተ። ገና ነበር።

ሚልክያስ ለቅሶ ቤት መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ።  አርባው ካለፈ በኋላ እኔ ከቤት መውጣት እንዳቆምኩ ሲሰማ ግን በሬን አንኳኳ።

«ሰኞ ቢሮ ነይ።»

«አልችልም፣ ሚልክያስ።»

«ለሙከራ ነው። ትቀመጫለሽ፤ አንድ ትራንስክሪፕት ታያለሽ፤ ትመለሻለሽ። ምንም አይቀየርም።»

«ቢያቅተኝስ?»

«የሙከራ ጥቅሙ እሱ አይደል? ቢያቅት የጎደለውን ይነግርሻል። ሌላ ጉዳት የለውም።»

ለሙከራ ሄድኩ። የሚቀጥለው ሰኞም ሙከራ ነበር። ገበያ መውጣት ሙከራ ሆነ። ሚስቱ ብርቄ ለሙከራ ምሳ ጠራችኝ፤ ዳጣዋ ዓይን የሚያስነባ ስለሆነ ሌላው እንባዬ ሳይታወቅ አብሮ ወረደ። «ሰው ቤት የሚያለቅስ ሰው ቃሪያ ሲያገኝ ነው የሚመቸው» አለችና ተጨማሪ አቀረበችልኝ።

የሥራ ውሌ ሰኔ ሠላሳ ያልቅ ነበር። ዲኑ አዲሱን ውል ጠረጴዛዬ ላይ ካስቀመጡት ሰንብተዋል። እኔ ግን ሐዋሳ ወንድሜ ዘንድ ለመሄድ አስቤ ነበር። ሶዶ ውስጥ ጌታሁን ቆሞ «ገና ነው» ያላለበት ጥግ የለም፤ በእያንዳንዱ ጥግ ማለፍ ደክሞኛል። ውሉን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና እዚያው እንዲያልቅ ተውኩት።

«ሚልኪ ስለ ውልሽ ምን አለሽ?» አለችኝ ፈጠነች።

«ምንም።»

«የማስቲካ ቀን የሚያነበው ሰውዬ? ምንም?» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ታሟል። ኦቶና ሆስፒታል እንውሰደው!»

ግንቦት ላይ፣ በብሔራዊ ፈተናው ምክንያት ኢንተርኔት ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። በዚያው ሳምንት ሚልክያስ ለወንድሙ ልጅ ሽምግልና ቢጠና ሄደ። ሲሄድ፣ ለሰው ሰጥቶት የማያውቀውን የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍና የይለፍ ቃሉን እኔ ላይ ጥሎ ሄደ። ሽምግልናው ያን ሳምንት መዋሉ አጋጣሚ መሆኑን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ደወለ።

«እህቴ ሐመልማል! ሰርተፊኬቱ!»

«አለቀ?» ደነገጥኩ።

«ኧረ ምን በወጣው! የመጨረሻው ወር ዛሬ ገባ!»

«ወር ሙሉ እያለው ነው እንዲህ የምትጮኸው?»

«ኢንተርኔቱ ዛሬ ተዘግቶ ወር ቢቆይስ? ሰኔ ላይ የሚመረቁት ልጆች ገጽ ቀይ ቢሆንስ? የሁምቦው አባት ተመልሰው ቢመጡ ምን ትያቸዋለሽ?»

 «ፈጠነችን ልጥራልህ?» አልኩት።

«ፈጠነች እንደ ስሟ ናት፤ አንድ ነጥብ ከተዘለለ አይሠራም። አንቺ ነጥብ አትዘዪም። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። እሱ ከቢጠና ፊደል በፊደል ያስጽፈኝ ጀመር። «ቢ እንደ ቢጠና፣ ኦ እንደ ኦቶና፣ ቲ እንደ ቲማቲም።» ከጀርባው አንድ ሽማግሌ፣ «ይህ ሰው ልጅ ሊለምን ነው የመጣው ወይስ ቲማቲም?» ሲሉ ሰማሁ። «አሁን ሁለት ሰረዝ፣ ከዚያ የሙከራዋ ቃል። አንብቢልኝ።» አነበብኩለት። «ላኪው።»

ስክሪኑ ጥቂት አሰበና መስመሮች ደረደረ።

«ምን ይላል?»

«እንኳን ደስ አላችሁ ይላል።»

ከኅዳር ወዲህ እንዲህ ያለኝ የለም።

«እሱ የሙከራው ነው፤ ገና ምንም አልታደሰም» አለ ሚልክያስ። «አሁን ያንኑ ትዕዛዝ መልሺና የሙከራዋን ቃል አጥፊ።»

ጣቴ ቆመ። «ካበላሸሁትስ?»

«እህቴ፣ ሙከራው እኮ አልፏል።» ድምፁ ያን ጊዜ የወትሮው አልነበረም። «ያለፈ ነገር ዝንተ ዓለም በሙከራ አይቆይም።»

ቃሏን ከኋላ ጀምሬ ፊደል በፊደል አጠፋሁና ትዕዛዙን ላክሁ። ታደሰ። «በይ፣ የሰው ልጅ ልለምን» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ስለ ውሌ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የሰርቨሩ ማራገቢያ እየጮኸ እዚያው ቆየሁ። ሰኞዎቹን አሰብኩ፤ ገበያውን፣ የብርቄን ዳጣ፣ ለሙከራ የፈረምኩላቸውን ትራንስክሪፕቶች ይዘው ሥራ የገቡትን ልጆች። ምንም አይቀየርም ብሎኝ ነበር። መዝገብ ያዥ ነኝና ቆጥሬ አየሁት፤ ተቀይሯል።

ቢሮዬ ገብቼ ውሉን ከመሳቢያ አወጣሁ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ አንቀጽ ሰባት ሁለት ጊዜ ስለተጻፈ ዲኑ ዘንድ መልሼ አስተካከልኩት። ከዚያ ፈረምኩ።

ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ተከፈተ፤ ገጻችን ፍንክች አላለም። ሚልክያስም ልጅቷን አስፈቅዶ ተመለሰ። ጠረጴዛዬ ላይ የተፈረመውን ውል ሲያይ ደመወዙን አላነበበም፤ የሥራ መደቡን አላነበበም። ቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ።

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ገና ነው» አልኩት።

ቃሉ ከአፌ የወጣው በጌታሁን ድምፅ ነበር፤ ሁለታችንም ሰማነው። የሚልክያስ ጣት እንደ ልማዷ ወደ ሰማይ ጀመረች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች፤ ወረደች።

«ገና ነው» አለ እሱም፣ በቀስታ።

ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና፣ እንዳላየው ስልኩን ከልሎ፣ ቀኑን መዘገበ። ከኋላው ቆሜ አየሁት። አንድ ወር አስቀድሞ ነው የመዘገበው።