ሊቀ ጎማ አሥራትና ቀዩ ማስታንግ

ሐበሻ ከአምስት ቤተሰብ በላይ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ፣ ማንም ሳይመርጠው የሕዝቡ ሁሉ ዕቃ ገዢ ሆኖ የተሾመ አንድ ሰው አይጠፋም። ቤት ሲገዛ እሱ ነው፤ ፍራሽ ሲገዛ እሱ ነው፤ ፍሪጅ ሲገዛ በሩን አሥር ጊዜ እየከፈተ የሚዘጋው እሱ ነው። ገንዘቡ ያንተ ነው፣ ምርጫው የሱ። ሳታማክረው ገዝተህ የተገኘህ እንደሆነ አይቆጣህም፤ ዕቃው እስኪሰበር ድረስ በትዕግሥት ይጠብቅሃል።

የኮሎምበስ ኦሃዮው ተሿሚ ጋሼ አሥራት ይባላሉ። ዳውንታውን አንድ የፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ክሊንተንቪል ሰፈር የራሳቸው ቤት ያላቸው፣ ኪሳቸው ውስጥ ሌላው ሰው ብዕር በሚይዝበት ቦታ የጎማ ነፋስ መለኪያ የሚይዙ ሰው ናቸው። አለሙ ፍራሽ ሊገዛ ይዟቸው በሄደ ጊዜ ጫማቸውን አውልቀው በየተራ እየተኙ ሲሞክሩ አራተኛው ላይ አርባ ደቂቃ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሻጩ ሊቀሰቅሳቸው ሲል አለሙ ከለከለው፤ የተገዛውም ያው አራተኛው ሆነ። መብራት የምትባለው ልጅ ደግሞ የምትገዛውን ቤት ልታይ ስትሄድ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ባንድ ጊዜ አስከፍተው ምድር ቤት ወረዱና ጆሯቸውን ቱቦው ላይ ለጥፈው አዳመጡ። "ይሄ ቤት ያስለዋል" አሉ። እሷም ቤቱን ትታ ወጣች።

የሁሉ ቁንጮ ግን ጎማ ነው። በዚህ ዘርፍ ያላቸው ሥልጣን ይግባኝ የለውም፤ ወጣቶቹ እሳቸው በሌሉበት "ሊቀ ጎማ" ይሏቸዋል። ጎማ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ በመዳፋቸው ይደባብሱታል፣ ቀጥለው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይጫኑታል፣ በመጨረሻም ጎንበስ ብለው ያሸቱታል። "ጎማ በዓይን አይገዛም" ይላሉ። ይህንን ነገር በሠርግም በልቅሶም ሲናገሩት ተሰምተዋል።

ቢሩክ ይህን ሁሉ አሳምሮ ያውቃል። በዲቪ የመጣ ቀን ኤርፖርት ቆመው የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ መኪና መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ የዕቃ መጋዘን፣ የዌርሃውስ ሥራ ያስገቡትም እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ፣ በፈረንጆቹ 2021 በጋ ላይ፣ ሚስቱ ሐምራዊት ለእኅቷ ሠርግ ሲያትል በሄደችበት ሳምንት፣ ማንንም ሳያማክር የቤቱን አንድ ለናቱ መኪና ማስታንግ በሚባል ቀይ የስፖርት መኪና የለወጠው። ጋሼ አሥራት ሰምተው መጡና መኪናውን ሦስት ጊዜ ዞሩት። አላመሰገኑም፣ አልተሳደቡም። "ጎማው የበጋ ነው፤ በረዶ አያውቅም" ብለው ሄዱ።

ሐምራዊት ከሲያትል ስትመለስ እንደሳቸው ባንድ ቃል አላለፈችውም። ሥራዋ ከከተማው ወጣ ባለችው ጋሃና ነው፣ አውቶቡሱ የትም አያደርሳትም። ሦስት ቀን አኩርፋ በአራተኛው ቀን ፍርዷን ሰጠች።

"የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ቀን ጋሃና ድረስ በዚሁ ታደርሰኛለህ" አለችው። "አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ከተንሸራተተ፣ በነጋታው ፖስት አድርገህ ትሸጠዋለህ።"

"ተንሸራተተ የሚባለው ስንት ጊዜ ሲሆን ነው?"

"አንዲት ጊዜ አልኩህ።"

ቢሩክ ያንን መኪና ይወደዋል። ዌርሃውስ ውስጥ አሥር ሰዓት ካርቶን ሲያነሳ ውሎ ሲወጣ፣ ከመቶ ግራጫ መኪና መካከል ያ ቀይ ነገር ቆሞ ሲጠብቀው ድካሙ ይረሳዋል። ስለዚህ ጥቅምት እንደገባ የበረዶ ጎማና ጎማው የሚጠልቅበት የብረት ቸርኬ ፍለጋ ጀመረ። ያለ ጋሼ አሥራት ደግሞ እንደማይሆን ገብቶታል። እሳቸው ዘንድ ይህ ጉዳይ ቀነ ገደብ አለው፤ ጎማ የሚቀየረው ከሕዳር ሚካኤል በፊት ነው። ሚካኤል በበጋ ጎማ የደረሰበትን ሰው ለወር ያህል በስሙ አይጠሩትም።

"ጋሼ፣ ይቺን ቸርኬ ይዩልኝ" ብሎ ስልኩን አቀበላቸው። "አሥራ ዘጠኝ ኢንች፣ ጥቁር።"

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩት።

"ለፎቶ ነው?"

"ኧረ ለበረዶ ነው።"

"ለበረዶማ አይሆንም። ሰፊ ጎማ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል። ቀጭኑ ነው በረዶውን ቆርጦ አስፋልቱን የሚይዝ። አሥራ ሰባት ኢንች፣ ጠበብ ያለ። እኔ አለሁ አይደል? ዝም ብለህ ተከተለኝ።"

ቢሩክ ያንን ቀጭን ጎማ በሐሳቡ ማስታንጉ ላይ ገጠመው፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ የላስቲክ ጫማ ያጠለቀ ሙሽራ መሰለው። አንድ የመጨረሻ ክርክር ነበረችው። የመኪናው የፊት ፍሬን ትልቅ ስለሆነ አሥራ ሰባት አይገባበትም የሚል ነገር ኢንተርኔት ላይ አንብቧል። ይህንኑ ተናገረ። ጋሼ አሥራት ግን በነጋታው መጥተው የፊት ጎማውን አስፈቱና የፍሬኑን ቅርጽ በፒዛ ካርቶን ላይ ነድፈው፣ ቆርጠው፣ አጣጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ካርቶኑን ይዘው ከተማውን አዳረሱት። እግረ መንገዳቸውንም ሁለት ከረጢት ጤፍ የማስታንጉ የኋላ ትራንክ ውስጥ አስጫኑ። መኪናው የሚገፋው በኋላ እግሩ ስለሆነ ክብደት ይፈልጋል፤ ፈረንጆቹ ለዚህ አሸዋ ይጭናሉ። "አሸዋ በፋሲካ ምን ያደርግልሃል?" አሉ።

በመጨረሻ ጋሃና ውስጥ አንድ መኪናውን የሸጠ ሰውዬ ጋራዥ ውስጥ፣ ከነጎማቸው የተደረደሩ አራት ቸርኬዎች ተገኙ። ጋሼ አሥራት ካርቶኑን አወጡና አራቱም ውስጥ እያስገቡ አሽከረከሩት፤ የትም አልነካም። ጎማውን ደባበሱ፣ በጥፍር ተጫኑ፣ አሸተቱ። ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ቀጫጭን የላስቲክ ፀጉር እንኳ አልረገፈም። ከዚያ ተንበርክከው ጎኑ ላይ የተጻፉትን አራት ቁጥሮች አነበቡ። ዜሮ ስድስት፣ አሥራ አራት።

"ቢሩክ፣ ና እይ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ ናቸው፣ እነዚህ ዓመቱ ናቸው። አሥራ አራት። ዘንድሮ ስንት ነው?"

"ሁለት ሺህ አሥራ አራት" አለ ቢሩክ። ገና መስከረም ላይ እንኳን አደረሰዎ ያላቸው እሱ ራሱ ነው።

"ስድስተኛ ሳምንት ማለት ደግሞ ጥቅምት መጀመሪያ ነው። የተሠራ ገና ወሩ ነው።"

"እንዴት በወሩ እዚህ ደረሰ?"

"አሜሪካ አይደል? በሁለት ቀን ያደርሱታል።"

ቢሩክ ይህ ፍጹም አሳማኝ ሆኖ ተሰማው። ሁለቱም ደስ ብሏቸው አራቱን ጭነው ተመለሱ፤ ጋሼ አሥራትም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላገኙት ሁሉ "ለቢሩክ የዘንድሮ ጎማ አገኘሁለት" እያሉ አበሠሩ።

ሰኞ ዕለት ቢሩክ ጎማውን ሊያስገጥም ክሊንተንቪል ወዳለ ጎሚስታ ሄደ። ፈረንጁ ሠራተኛ ቁጥሩን አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ይሄ ሰባት ዓመት አልፎታል። ደርቋል፤ በረዶ አይዝልህም።"

"የዘንድሮ ነው እኮ" አለ ቢሩክ በልበ ሙሉነት። "አሥራ አራት ነው የሚለው።"

"ዘንድሮ ሃያ አንድ ነው።"

ቢሩክ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፈረንጅ ካላንደር አየና መልሶ ዘጋው። ሠራተኛው ቸርኬዎቹን ግን ፍሬኑ ላይ ለክቷቸው እያደነቀ ነበር። ይህ መኪና ላይ በትክክል የሚገባ አሥራ ሰባት ማግኘት ቀላል አይደለም፣ ማን መረጠልህ አለው። ቢሩክ አዲስ ጎማ አስጠለቀባቸውና አሮጌውን እዚያው ጥሎ ወጣ።

ከባዱ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለጋሼ አሥራት እንዴት ይነገራል? ያ ሁሉ ካርቶን፣ ያ ሁሉ መንበርከክ፣ ያ ሁሉ ብሥራት! ቢሩክ አልቻለም። "ጎማው እንዴት ሆነልህ?" ባሉት ቁጥር "ግሩም ነው ጋሼ" እያለ ያልፋል። እሑድ እሑድ ማስታንጉን ከሰው ሁሉ ርቆ ያቆም ጀመር። እሳቸው ወደ መኪናው ሲራመዱ ካየም ሮጦ ሄዶ ስለ ጤና ይጠይቃቸዋል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የጉልበታቸውን ታሪክ ከሐኪማቸው እኩል አወቀው።

በታኅሣሥ ወር፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት በረዶው ጣለ። ሐምራዊት ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ ቀበቶዋን አስራ፣ እጇን እንደ ዳኛ አጣጥፋ ተቀመጠች።

"እንግዲህ ንዳ" አለችው።

ቢሩክ ማርያምን ጠርቶ ወጣ። ወደ ሃይዌዩ የሚያስገባው ዳገት ላይ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቆሞ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። ማስታንጉ ቀስ ብሎ በመካከላቸው አለፈና ወጣ። ቢሩክ የሐምራዊት የተጣጠፈ እጅ ሲፈታ አየ። ደስታው ከጉሮሮው ሊያመልጥ ሲል እሷ በጎን መስታወቱ ወደ ኋላ ማየት ጀመረች።

"አንድ አሮጌ ሚኒቫን ከቤት ጀምሮ እየተከተለን ነው" አለች። "የሃዛርድ መብራቱን አብርቶ።"

ቢሩክ በመስታወቱ አየ። አረንጓዴ ነው፤ አጎንብሶ መሪውን በሁለት እጁ የያዘው ሰውም የታወቀ ነው።

የሐምራዊት መሥሪያ ቤት ፓርኪንግ ሎት ሲደርሱ ሚኒቫኑም ገብቶ ከኋላቸው ቆመ። ጋሼ አሥራት ትከሻቸው ላይ ወፍራም የመጎተቻ ገመድ አንጠልጥለው ወረዱ።

"እንዴት አደራችሁ። ኤርፖርት ሰው ልቀበል ስሄድ ነው ያየኋችሁ" አሉ።

"ገመዱስ ለምን ነው ጋሼ?" አለች ሐምራዊት።

ገመዱን አሁን ገና ያዩት ይመስል አዩት። ከዚያ ወደ ቢሩክ ዞሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"ቢታንያ ልጄ ናት ትናንት የነገረችኝ። ያ አሥራ አራት የኛ ሳይሆን የነሱ ነው አለችኝ። ኮል ላደርግልህ አምስት ጊዜ ስልኩን አነሳሁ፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። አሮጌ ጎማ አስገጥሜ ሁለታችሁንም በረዶ ላይ ከለቀቅኩ፣ ቢያንስ ከኋላ ልኑር ብዬ ነው።"

ቢሩክ እኚህን ሰው ምን ያህል እንደሚወዳቸው የገባው እዚያ ቆሞ ነው። ወደ መኪናው ወስዶ ጎማውን አሳያቸው። ጋሼ አሥራት የሚያማቸውን ጉልበት በረዶው ላይ አሳርፈው ጎኑን በጓንታቸው ጠረጉት። አራቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ በጣታቸው ተከተሏቸው። ሠላሳ፣ ሃያ አንድ። እንደተንበረከኩ ቀና ብለው አዩት።

"ያለ እኔ ነው የመረጥከው?"

"ጎማውን ብቻ ነው ጋሼ። ቸርኬው የእርስዎ ነው። ጎሚስታው ራሱ ተደንቋል።"

ጓንታቸውን አወለቁ። በመዳፋቸው ደባበሱ፣ በጥፍራቸው ተጫኑ፣ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ሐምራዊት ሥራ እየረፈደባት ቆማ ትጠብቃለች።

"ጥሩ መርጠሃል" አሉ።

ይህ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ኮሎምበስ ውስጥ ሰምቶ የሚያውቅ የለም። አለሙም አልሰማውም፣ መብራትም አልሰማችውም። ቢሩክ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ፊቱ ግን ተማሪ ቤት አንደኛ እንደወጣ ልጅ በራ። ሐምራዊት ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸውና ሳቋን መያዝ አቃታት።

"በቃ፣ አይሸጥም" አለች። "ቡና ከቴርሞሴ ልቅዳልዎት ጋሼ፣ በርዶዎታል።"

ጋሼ አሥራት ግን አልሰሟትም። ከኪሳቸው የነፋስ መለኪያቸውን እያወጡ ነው።

"ነፋሱ ግን ጎድሎታል" አሉ።

"ቅዳሜ እኮ ነው የሞላሁት ጋሼ።"

"በብርድ ይቀንሳል። እኔ አለሁ አይደል? የነፋስ ማስገቢያውን ቆብ ፍታልኝ።"

ለኩት። አራቱም ጎድለው ነበር።