ቻቱንና ክላውዱን እንዴት እንዳጋባሁ

ከሰው ልጅ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ በእኔ እጅ፣ በእኔው ወንበር ላይ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተፈጽሟል። ይህን የምለው ራሴን ለማወደስ አይደለም፤ ሌላ የሚያወድሰኝ ሰው ስለጠፋ ነው። ታሪኩን ሌላ ሰው ከሚያበላሽብኝ እኔው ራሴ ላበላሸው ብዬ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

በቅድሚያ ማንነቴን ላስታውቅ። የቤት ፕላን ማህደርና መረጃ ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ ነበርኩ። «ተጠባባቂ» የምትለዋ ቃል ለሁለት ወር ብቻ ተብላ ከማዕረጌ ፊት ተለጠፈች፤ ስድስት ዓመት ከሦስት ወር ኖረች። እንግዳ ሆና መጥታ አልጋዬን ወርሳ ቀረች ማለት ይቻላል። ባለቤቴ ለዘመዶቿ ስታስተዋውቀኝ «ኃላፊ ነው» ትልና ትንሽ ቆይታ «ማለቴ፣ ሊሆን ነው» ትላለች። ትንሿ ልጄ ደግሞ የአባት ሥራ ተብላ ትምህርት ቤት ብትጠየቅ «መጠበቅ» ብላ ጽፋ ሙሉ ማርክ አግኝታለች። አስተማሪዋ እንዴት አወቀችው እያልኩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የክፍላችን ችግር የታወቀ ነው። ሠላሳ ሁለት ሠራተኞች የምንነጋገረው በስልካችን የቻት ግሩፕ ነው። የቤት ፕላኖቹ የተቀመጡት ደግሞ ክላውድ በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ነው። ሁለቱ አንድ ቤት እየኖሩ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት አይነጋገሩም ነበር።

«ያ የጥግ ቤቱ ፕላን የት ደረሰ?»

«ክላውድ ላይ ጫንኩት እኮ።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ!»

እንዲህ እየተባባልን ባለጉዳዩ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ያንቀላፋል። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው አስጠሩኝ። በሩን ዘግተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንደ አባት አዩኝ።

«ስማ፣ እነዚህን ሁለት ነገሮች አገናኝልኝ። በሰላም ካገናኘሃቸው ያቺን ተጠባባቂ የምትባል ነገር እኔ ራሴ እነቅልልሃለሁ።»

«ቃልዎ ነው ጌታዬ?»

«ቃሌ ነው።»

እግሬ መሬት አልረገጠም። የክፍላችን ሰዎች ባለሙያ እንጥራ ቢሉኝ በጣም ተናደድኩ። ባለሙያ? እኔ ታዲያ ምን ልሁን? እቤቴ ገብቼ የአሥራ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሁለት ጊዜ አየሁና ዕውቀቴን አጠናቀቅኩ። በማግስቱ ጠዋት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። «ይህ መተግበሪያ ፋይሎችህን እንዲያይ ትፈቅዳለህ?» አለኝ። ፈቀድኩ። «እንዲጽፍባቸውስ?» ፈቀድኩ። «በስምህ እንዲናገርስ?» ፈቀድኩ። ልጄን ለሚያገባት ሰው እንኳ እንዲህ በችኮላ አልፈቅድም። ሰባት ጊዜ «ፍቀድ» የሚለውን ተጫንኩና ጋብቻው ተፈጸመ።

ያለ ምረቃ የሚሠራ ሥራ ደግሞ ሥራ አይባልም። ቀይ ሪባን ተገዛ። መቀስ ሲመጣ ግን እኔ ለጥንቃቄ ያህል ጣልቃ ገባሁ፤ «ጌታዬ፣ የምናገናኝ ሰዎች ሆነን ሳለ እንዴት እንቆርጣለን?» አልኩ። ሥራ አስኪያጁ አሰቡበት። ሪባኑ እንዲቋጠር ተወሰነ። አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ ሌላውን እኔ ይዘን በጭብጨባ መካከል ቋጠርነው። ቋጠሮው ጠብቆ የሥራ አስኪያጁ አመልካች ጣት ውስጡ በመቅረቱ በመጨረሻ በዚያው መቀስ ተቆረጠ። ንግግሬ ግን ግሩም ነበር። «የተቀናጀ፣ የተናበበ፣ የተሳለጠ» እያልኩ ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ።

ይህን ያህል ብቻ አድርጌ ብተወው ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው ነበርኩ። አልተውኩትም። በቴክኖሎጂው ላይ ሁለት የራሴን ጥበቦች ጨመርኩበት። አንደኛው መመሪያ ቁጥር ሦስት ነው፦ ክላውዱ ላይ አዲስ ፋይል ሲገባ ማስታወቂያው ወደ ግሩፑ ስለሚመጣ፣ ማንኛውም ሠራተኛ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ደርሶኛል» ብሎ ከነማዕረጉ ይመልሳል። ያልመለሰ ከደመወዙ ይቀጣል። ሁለተኛው ጥበቤ ደግሞ፣ በግሩፑ የሚጻፍ እያንዳንዱ መልስ ለማስረጃ እንዲሆን ራሱን የቻለ ፋይል ሆኖ ክላውዱ ላይ እንዲቀመጥ አዘዝኩ።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ራሱን ሲይዝ ይታየኛል። እኔ ግን ያን ጊዜ ራሴን የያዝኩት በኩራት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አንድ የቤት ፕላን ተጫነ። ማስታወቂያው መጣ። ሠላሳ ሁለታችንም «ደርሶኛል» አልን። ሠላሳ ሁለቱ ደርሶኛሎች ሠላሳ ሁለት ፋይል ሆነው ክላውዱ ላይ ገቡ። ሠላሳ ሁለት አዲስ ማስታወቂያ መጣ። ለእያንዳንዱ ሠላሳ ሁለታችንም መመለስ ነበረብን። መመሪያ መመሪያ ነው።

እስከ ምሳ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ከጣት ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። አጠገቤ የምትሠራው ንድፍ ተመልካች ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«አለቃ፣ አሁን የምመልሰው ለምንድን ነው?»

«ለሾፌሩ ደርሶኛል ነው።»

«ሾፌሩ የደረሰውስ ምንድን ነው?»

«የአንቺ ደርሶኛል ነዋ!»

«የእኔስ?»

«እሱን ተዪውና አምስት ደቂቃሽ እያለቀ ነው።»

በሁለተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቴን ሲያዩ እንባ ቀረሽ ደስታ ታየባቸው። ከዚያ በፊት በወር ሰባ ፋይል የሚገባበት ክላውድ በሁለት ቀን ዘጠኝ ሺህ ፋይል ገብቶበታል። «የዘጠኝ ሺህ ፋይል ክፍል!» እያሉ ጀርባዬን መቱኝ። ባለጉዳይ ስንት እንደተስተናገደ አልጠየቁም፤ እኔም ጨዋ ሰው ስለሆንኩ ሳልጠየቅ አልተናገርኩም። መስኮቱ ላይ ያለው ሰልፍ በዚያን ጊዜ በሩን አልፎ ደረጃው ላይ ደርሶ ነበር።

ከዚህ ሁሉ እድገት የቀሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ። ምድር ቤት ከወረቀት ጋር ሃያ ሰባት ዓመት የኖሩ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ማህደር እንላቸዋለን። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ስለሆነች ግሩፑ ውስጥ የሉም። ሥራ አስኪያጁ የሚያወጡት ማስታወቂያ ሁሉ በወረቀት ታትሞ ይወርድላቸዋል። በሦስተኛው ቀን ደረጃውን እያነከሱ ወጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው?»

«ሥራ ላይ ነን እትዬ።»

«ሰልፈኛውስ?»

«እሱም በተራው ይደርሰዋል። እርስዎ አይገባዎትም፤ ሲስተም ነው።»

«እህ» አሉና ወረዱ። አዘንኩላቸው። ዘመን ጥሏቸው ሄደ ብዬ ከልቤ አዘንኩላቸው፤ ይህን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ክላውዱ ላይ አንድ ፋይል ጫኑ። እኔ ግን አምስት መቶ ያህል ደርሶኛል ተጠራቅሞብኝ አውራ ጣቴ አብጦ ነበር። ማስታወቂያው ብቅ ከማለቱ «ደርሶኛል፤ የክፍሉ ተጠባባቂ ኃላፊ» ብዬ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ዓርብ ነጭ ሸሚዜን ለበስኩ። ሁለቱን አገናኝቻለሁና ሹመቴን እጠብቃለሁ፤ ቃል ቃል ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። ኮሌታዬን አስተካክዬ ገባሁ። ፊታቸው ግን የሹመት ፊት አልነበረም።

«ለምን አልመጣህም?»

«ይኸው መጣሁ ጌታዬ።»

«አሁን አይደለም! ማመልከቻህን ይዘህ እስከ አሥር ሰዓት ለምን አልመጣህም?»

«የምን ማመልከቻ?»

«ማስታወቂያው አልደረሰህም?»

ስልካቸውን አዙረው አሳዩኝ። የኃላፊነት ቦታው ክፍት ስለሆነ የሚፈልግ ሁሉ እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት ማመልከቻውን በአካል እንዲያስገባ፣ አመልካች አንድ ብቻ ከሆነም ያለ ፈተና እንደሚሾም ይላል። ከሥሩ የመጀመሪያው መልስ የእኔ ነው። በአራት ሰከንድ ውስጥ ነው የመለስኩት።

«ላንተ ብዬ እኮ ነው የጻፍኩት!» ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ። «ቦርዱ ያለ ማስታወቂያ አይሆንም ቢለኝ፣ አንድ አመልካች ከሆነ የሚለውን ለምኜ ያስገባሁት ላንተ ነው። ሌላ ማን ያነባል ብዬ! ከወንበርህ እስከዚህ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው!»

«አሁን ልጻፍ?»

«አሁንማ አንድ አመልካች ቀርቧል።»

ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። በክፍላችን ውስጥ ያን ሳምንት አንድ ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እቤቴ ስደርስ ባለቤቴ ሁሉን ሰምታ ብዙ አልተናገረችም። «ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቅከው ደብዳቤ መጥቶ ሳታነበው?» አለችኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ ያበጠውን አውራ ጣቴን በሞቀ ውሃ ነክራ አሸችልኝ። ማሸቱ ከንግግሩ ይልቅ አመመኝ።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ ተሰጠኝ። ሥራ አስኪያጁ የቃላቸው ሰው ናቸው፤ ተጠባባቂ የምትለዋ ቃል ተነቅላለች። ኃላፊ የምትለዋም አብራት ተነቅላለች።

እትዬ ማህደር እኔ የነበርኩበት ወንበር ላይ ተቀምጠው አስጠሩኝ። አልተሳለቁብኝም፤ ቢሳለቁብኝ በተሻለኝ።

«ይሄ የስልክ ነገር ባስቸኳይ ይቁም። ስንት ቀን ይፈጅብሃል?»

«ውስብስብ ነው እትዬ። ጥናት ያስፈልገዋል። ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ የችግሩ ምንጭ ተለይቶ፣ ቢያንስ ሦስት ወር።»

ጥቂት አሰቡና ተነሥተው ወደ ክፍሉ መካከል ሄዱ።

«ልጆች፣ ከእንግዲህ ደርሶኛል የሚል ሰው እንዳይኖር።»

ሠላሳ አንድ ሰው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ክላውዱም ግሩፑም ጸጥ አሉ። ቆይቶ አንድ የቤት ፕላን ተጫነ፤ አንድ ማስታወቂያ መጣ፤ የሚመለከተው ሰው ፕላኑን ከፍቶ አየና ለባለጉዳዩ አተመለት። ሲስተሙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጤነኛ ነበር ማለት ነው።

«አንተም መስኮት ሦስት ላይ ተቀመጥና አስተናግድ፤ ሰልፉ ረዝሟል» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ደረጃው ላይ አራት ቀን የቆመ ሽማግሌ ፎርሙን በሁለት እጁ አቀበለኝ። ከፊት አየሁት፤ ገልብጬ ከኋላ አየሁት። ሽማግሌው ትክ ብሎ ያየኛል። ስድስት ዓመት ከሦስት ወር የመራሁት ክፍል ነውና በግርማ ሞገስ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ ከዚያ ወደ ንድፍ ተመልካቿ ዘንበል ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኳት፤

«እህቴ፣ ይህን ምን እናደርገዋለን?»