የአቶ ሰይፈሥላሴ ጉልበትና የመሥሪያ ቤታችን ዕረፍት

ሰው በገዛ ራሱ ማረፍ ይችላል የሚለው፣ ከአባቶቻችን የወረስነው እምነት ፍጹም ስሕተት መሆኑ በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በእኛ መሥሪያ ቤት ተረጋግጧል። አባቶቻችን ሲደክማቸው ከዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ይሉ ነበር። አጀንዳ አልነበራቸውም፤ ዐቢይ ኮሚቴ አላቋቋሙም፤ ሲነሡም የዕረፍታቸውን አፈጻጸም የገመገመላቸው አልነበረም። በዚህ ዓይነት ያንን ሁሉ ዘመን እንዴት እንደ ዘለቁት እግዚአብሔር ይወቅ።

ይህን የዘመናት ጉድለት ያርሙ ዘንድ የተሰጡን ሰው ኃላፊያችን አቶ ሰይፈሥላሴ ናቸው። አንድ ሰኞ የሠራተኛውን ፊት አይተው መድከሙን ተረዱ፤ የድካሙንም ምንጭ ለማጣራት ከጠዋት እስከ ማታ ሰበሰቡን። ማታ ላይ ድካማችን ከጠዋቱ ብሶ ስለ ተገኘ ጉዳዩ አጣዳፊ መሆኑ ታመነበትና መላው ሠራተኛ ከአባያ ሐይቅ በላይ፣ ደጋው ላይ ወደምትገኝ አንዲት ጸጥተኛ የተራራ ከተማ ወጥቶ ቅዳሜና እሑድን እንዲያርፍ ተወሰነ። የከተማዋን ስም አልጠራም። ሌላ መሥሪያ ቤት ሰምቶ እንዳያርፍባት እሰጋለሁ።

የጉዞው መሪ ቃል «ዕረፍት በጋራ እንጂ በተናጠል አይገኝም» የሚል ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ እንደሚሆን ሁሉ፣ ዕረፍትም ሲካፈሉት ይቀልላል ተብሎ ተብራራልን።

ይህ ጥልቅ አሳብ ያልገባቸው የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ልክነሽ ብቻ ነበሩ። ሶዶ ያለችው ልጃቸው ቤተል የበኩር ልጇን ልትወልድ ቀኗ ገብቶ ነበር። ልጃቸው ወልዳ ስትተኛ ከጎኗ ሊሆኑ ፈልገው የኃላፊውን በር አንኳኩ።

«ጌታዬ፣ የዓመት ፈቃዴ አልተነካም። ለልጄ ልድረስላት።»

«ወይዘሮ ልክነሽ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ለምንድን ነው?»

«ለዕረፍት ነዋ።»

«አራስ ቤት ዕረፍት አለ?»

«ኧረ ከየት መጥቶ።»

«እንግዲያው መመሪያው አይፈቅድም። ዕረፍት ያለው ተራራው ላይ ነው። ደግሞም የሁላችንም የዓመት ፈቃድ ለዚሁ ጉዞ፣ ለዝግጅቱና ለግምገማው ተጠቃሏል።»

«ምጧ ቢመጣስ?»

«ምጥ የተናጠል ጉዳይ ነው፤» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ፣ ይህን የመሰለ ቃል ከአፋቸው በመውጣቱ ራሳቸው በመጠኑ እየተደነቁ።

ቅዳሜ ማለዳ ኃላፊው በመኪናቸው ከፊት፣ እኛ በአውቶቡስ ከኋላ ሆነን ጠመዝማዛውን ዳገት ያዝነው። አውቶቡሱ አናት ላይ ጄኔሬተርና ድምፅ ማጉያ ተጭኗል። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣው የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያችን ካሌብ መርሐ ግብሩን በንባብ አሰማን። ከቁርስ በኋላ ድንገተኛ ደስታ ይሆናል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ደስ ባለው አቅጣጫ፣ በሰልፍ፣ ይንሸራሸራል። በዕረፍት ሰዓት አስተያየት መስጠት ግን ፈጽሞ ክልክል ነው።

ከተማዋ በእርግጥ ጸጥተኛ ነበረች። ጉሙ ከቀርከሃው ላይ ገና አልተነሣም፤ ከየቤቱ የሚሰማው የሸማኔ መወርወሪያ ብቻ ነበር። ጄኔሬተሩ ከአውቶቡሱ ወርዶ ተነሣ። ካሌብ ድምፅ ማጉያውን አነገበ።

«ክቡራትና ክቡራን፣ አሁን የምትሰሙት ጸጥታ ነው።»

እኛ የሰማነው ጄኔሬተሩን ነው። ውሾች ጮኹ፤ ዶሮዎች ሸሹ፤ ሸማኔዎቹም ጨርሰው ዝም አሉ። በዚያች ከተማ ዝምታን እንኳ ዝም ያሰኘ የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ሆንን።

ወይዘሮ ልክነሽ ግን ስልካቸውን ከፍ አድርገው ከአንድ አለት ወደ ሌላው ይወጡ ነበር።

«እትዬ ልክነሽ፣ ከሰልፍ ወጡ እኮ፤» አለ ካሌብ።

«ኔትወርክ ፍለጋ ነው፣ ልጄ። ሌሊት ምጥ ጀምሯታል ብለውኝ ስልኩ ተቋረጠ።»

«ድንገተኛ ደስታው ተጀምሯል፤ ቢያንስ ያጨብጭቡ።»

ከዚህ በኋላ የሆነው ለአገር የሚተርፍ ነው። ካሌብ ለሪፖርቱ የሚሆን ፎቶግራፍ ሲያስብ፣ በትልልቅ ዛፎች የተከበበ፣ ዙሪያውን የድንጋይ መቀመጫ ያለው መስክ አየ። አቶ ሰይፈሥላሴን መካከሉ ላይ አንበረከካቸው፤ በሁለት እጃቸውም ለምለም ሣር አስያዛቸው። ከፎቶው ሥር «ከተፈጥሮ ጋር የታረቀ መሪ» ተብሎ ሊጻፍ ነበር።

መስኩ ዱቡሻ ነው፤ የአገሩ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ሸንጎ። በዚያ ለምለም ሣር ይዞ የተንበረከከ ሰው ዕርቅ ለማኝ ነው፤ ሽማግሌ ሰምቶ ካላነሣው በቀር አይነሣም። ይህን ካሌብና አቶ ሰይፈሥላሴ የሩቅ አገር ሰዎች ናቸውና አላወቁም። የዚህ አገር ተወላጆች የሆንን ሠራተኞች በሙሉ እናውቃለን። ነገር ግን አስተያየት መስጠት ክልክል ነበር፤ እኛም መመሪያ አክባሪዎች ነን።

ሸማኔዎቹ ሥራቸውን ትተው ወጡ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እያጣፉ በድንጋዮቹ ላይ ተቀመጡ። መሪያቸው ሃላቃ ካሱ ተንበርካኪውን በአክብሮት ተመለከቱ።

«ብዙ ሹም አይተናል። ራሱ ተንበርክኮ የመጣ ግን ይኼ የመጀመሪያው ነው።»

«ባህላዊ አቀባበል ነው፣ ጌታዬ፤» አለ ካሌብ። «ፈገግ ይበሉ።»

አቶ ሰይፈሥላሴ ፈገግ አሉ።

«በዳይ አይስቅም፤» አሉ ሃላቃ ካሱ። «ማንን በደልህ፣ ልጄ?»

«እኔ? ማንንም። እኛ የመጣነው ለዕረፍት ነው።»

«ልክ ነህ። የበደለ ሰው ዕረፍት የለውም። ተናገር።»

ኃላፊው ሊነሡ ሲሞክሩ አንድ ሽማግሌ ትከሻቸውን በፍቅር ተጫኗቸው። «ሣር ይዘሃል እኮ።»

«ሣሩን ብጥለውስ?»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «ሣሩን ጥሎ ለሄደ ሰው እዚህ አገር ውኃ የሚያቀምሰው የለም፤» አሉ ሃላቃው። «ማነው የተበደለ?»

አንዱ ሸማኔ ሄዶ ጄኔሬተሩን አጠፋው። ያን ጊዜ፣ ያ ሁሉ መንገድ የተወጣለት ጸጥታ መጣ። ወይዘሮ ልክነሽ ስልካቸውን እንደ ያዙ ከአለቱ ወረዱ።

«የተበደልሁ እኔ ነኝ። ልጄ ምጥ ላይ ናት፤ እኔ እዚህ አጨበጭባለሁ።»

«ተገላገለች?»

«አላወቅሁም፣ አባቴ።»

ሃላቃ ካሱ ወደ ተንበርካኪው ዞሩ። «ለምን ከለከልሃት?»

«መመሪያው አይፈቅድም።»

«መመሪያ የሚሉት የታለ? በዳዩ እሱ ከሆነ እሱም ይምጣና ከጎንህ ይንበርከክ። ካልመጣ አንተ ትበቃለህ።»

አቶ ሰይፈሥላሴ መመሪያው እንደማይመጣላቸው ተረዱ። «እሺ፣ ፈቅጃለሁ። ከሰኞ ጀምሮ።»

«ጥሩ። እስከ ሰኞ እዚሁ ትጠብቃለህ።»

«አሁኑኑ ትሂድ፤» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ። «በመኪናዬ።»

መኪናዋ ከእይታ ሳትሰወር ሃላቃ ካሱ፣ «ሌላ የተበደለ አለ?» ብለው ጠየቁ። በዚያ ጉዞ ማንም ሳያዝዘን የተሰለፍነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰልፉ ከዱቡሻው አልፎ እስከ ቀርከሃው ደረሰ። ካሌብም ካሜራውን ለሰው አስይዞ ከመጨረሻው ቆመ። ሁላችንም ተሰምተን፣ ሽማግሌዎቹ መርቀው «ተነሥ» ሲሉ ጉሙ ተመልሶ ወርዶ ነበር፤ የኃላፊያችንም ጉልበት ሊዘረጋ አልቻለም። ተሸክመን አውቶቡስ ላይ ጫንናቸው።

ወይዘሮ ልክነሽ ልጃቸው ሳትገላገል ደረሱ፤ ቤተል ሴት ልጅ ወለደች። አቶ ሰይፈሥላሴን ያየው ሐኪም ደግሞ ጉልበታቸው እጅግ ማበጡን ተመልክቶ ብዙ ሳምንት እንዲተኙ፣ ስብሰባ እንዳይመሩ፣ ብቻቸውንም እንዲያርፉ አዘዘ። የመሪ ቃሉ ባለቤት በተናጠል ለማረፍ ተገደዱ።

በእነዚያ ሳምንታት መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማ ጀመር። ባለጉዳይ ጠዋት ገብቶ ጠዋቱን ጉዳዩ ተፈጽሞለት ይወጣል። ሠራተኛው ፊቱ ፈካ። እኔም በስተርጅና የጠቢብን ቃል በችኮላ መንቀፍ እንደማይገባ ተማርሁ። ዕረፍት በእርግጥም የሚገኘው በጋራ ነው፤ እርሳቸው ሲያርፉ ሁላችንም አረፍን።