ዶሮ ታቅፈው ድሬዳዋ የወጡት እትዬ ሰብለወርቅ

በየሰፈሩ አንዲት አትጠፋም። ዘመድ ቤት ስትጋበዝ ወጡን ከመቅመሷ በፊት ድስቱን ካላየሁ የምትል፣ ባለቤቲቱን በገዛ ማዕዷ ላይ "ይኼ ቲማቲም ከየት ነው? ማን አጠበው?" እያለች እንደ ዐቃቤ ሕግ የምታፋጥጥ፣ ከእጇ ያልወጣ ነገር ልጇ ከጎረሰ ሰማይ የሚደፋባት የሚመስላት ሴት። የሁሉም አለቃ ግን እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት ቢስ በሚሉት ሰፈር፣ እኔ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ናቸው። በሙሉ ማዕረጋቸው ልጥራቸው፦ ክብርት ወይዘሮ ሰብለወርቅ፣ የጀሪካን እርሻ የበላይ ጠባቂ፣ የሰፈሩ ሆድ ሁሉ ተቆጣጣሪ። እኛ ባጭሩ እትዬ እንላቸዋለን።

ጅቡቲ ላይ ጎመን አበቅላለሁ ማለት ከባሕር ጋር ሙግት መግጠም ነው። አፈሩ ጨው፣ ውሃው ጨው፣ በበጋ የሚነፍሰው ነፋስ የምድጃ አፍ ነው። ስለዚህ የምንበላው ቅጠል ሁሉ ከኢትዮጵያ በመኪና ይመጣል። እትዬ ግን "መንገድ ለመንገድ ሲንከራተት የከረመ ጎመን ማን እንደነካው በምን አውቃለሁ?" ብለው ጎመኑን ትተው አፈሩን አስመጡ። ጉታ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ከድሬዳዋ ሲመለስ አንዳንዴ አንድ ጆንያ ቀይ አፈር ያወርድላቸዋል። እሳቸውም አፋቸው በተቆረጠ ጀሪካኖች ሞልተው ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ ተከሉበት። ድንች የታጠበበት ውሃ ለጎመኑ፣ እግር የታጠበበት ለቃሪያው ነው። አንድ ቀን ፊቴን የታጠብኩበትን ሳላስብ ደጅ ደፍቼ የሰማሁትን ተግሳጽ ለጠላቴም አልመኝም።

የሀብታሞቹ ሰፈር ሀራሙስ፣ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ሰርግ ተጠርተን ነበር። ድግሱ ለጉድ ነው። እትዬ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ከሥሩ ምሳ ዕቃ አወጡ! የሙሽራይቱ አባት አይተው ፊታቸው ሲለዋወጥ "በቃ ተዋረድን" ብዬ መሬት መሬት አየሁ። ሰውየው ግን ጎንበስ ብለው "ጎመን ነው እንዴ? ትንሽ ያቅምሱኝ" አሉ። መሐል ከተማ፣ ምኒልክ አደባባይ ያለ ሻይ ቤት ደግሞ ሻይ ልጋብዛቸው ብዬ ይዣቸው ሄድኩ። ወተቱን ማን እንዳፈላው ጠየቁ፤ አስተናጋጁ ትከሻውን ሲሰብቅ ተነሥተው ማድ ቤት ገቡ። ስፈልጋቸው ወጥ ቤቱን ድስት እያሳጠቡት አገኘኋቸው። እኔ ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አላለፍኩም።

የዕድሜ ልክ ባላንጣቸው ራህመት ናት። ራህመት በራችን ላይ የምስር ሳምቡሳ እየጠበሰች የምትሸጥ ሶማሊ ጎረቤታችን ስትሆን፣ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። "ራህመት፣ አንቺን እወድሻለሁ" ይሏታል እትዬ በየጠዋቱ፤ "ዘይትሽን ግን ፈጣሪ ይየው።" እሷም ሳምቡሳዋን እያገላበጠች "አባዮ፣ ያንቺን ቅጠል ፍየል ይውደደው!" ትላቸዋለች። አባዮ በእነሱ እህቴ ማለት ነው። እንዲህ ተባብለው ይሳሳቃሉ።

ሐምሌ ሲገባ አቅም ያለው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ከከተማ ይወጣል። እትዬ "ጎመኔን ለማን ጥዬ?" እያሉ ወጥተው አያውቁም። ዘንድሮ ግን ድሬዳዋ ያገባች አንድ ልጃቸው ፅዮናዊት ወለደች። ሕፃኑ ደኅና ነው፤ እናቲቱ ግን እህል አልቀምስም አለች። ባሏ ደጀን ደወለ፦ "እማዬ፣ ገንፎውንም፣ ሾርባውንም እንቢ ብላለች። ወተቷም እየደረቀ ነው። ሐኪሙ ካልበላች ሆስፒታል ትተኛለች ብሏል።"

እትዬ ወዲያው ጓዝ ማሰር ጀመሩ። የገንፎ ዱቄት፣ ራሳቸው ያነጠሩት ቅቤ፣ ከጀሪካኑ የተቆረጠ ጎመን፣ በመጨረሻም ከጫጩትነቷ ጀምረው ያሳደጓት ቀይ ዶሮ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

"እትዬ፣ ድሬዳዋ እኮ የዶሮ አገር ነው!" አልኳቸው። "ጎመኑስ ቢሆን በድሬዳዋ አፈር አይደል የበቀለው?"

"የእነሱን ዶሮ ማን አሳደገው? አውቀዋለሁ?" ብለው የዶሮዋን እግር ማሰር ቀጠሉ። ገመዱ ግን እንቢ አላቸው። ደግመው ቢያስሩትም ተፈታ። "ታዬ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ልጄ ብትሞትብኝስ?"

ሳቄ ደረቀ። ገመዱን ተቀብዬ አሰርኩላቸው።

ጉታ ከጎኑ አስቀምጦ ወሰዳቸው፤ ዶሮዋ ጭናቸው ላይ። ድንበር ላይ አንድ ወጣት ፈታሽ "እማማ፣ ዶሮ ከኢትዮጵያ ይወጣል እንጂ ወደ ኢትዮጵያ ይገባል እንዴ?" ብሎ ሲስቅ፣ እትዬ "ልጄ፣ ወልደሃል?" አሉት። "አልወለድኩም።" "እንግዲያው አይገባህም። አሳልፈኝ።" አሳለፋቸው። ይህን የነገረኝ ጉታ ራሱ ነው።

እኔና ራህመት ጀሪካኖቹን ስናጠጣ ሰነበትን። ከድሬዳዋ የሚመጣው ወሬ ደግ አልነበረም፤ ፅዮናዊት የእናቷንም ገንፎ አልበላችም። አንድ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው። "ራህመትን አገናኘኝ" አሉኝ። ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ ሰጠኋት።

"ራህመት" አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "ያ ሳምቡሳሽ ውስጥ ምንድን ነው የምትጨምሪበት?"

ራህመት ማንኪያዋን አስቀመጠች። ፅዮናዊት አማረኝ ያለችው እሱን ብቻ ነው ለካ! ከትምህርት ቤት ስትመለስ ራህመት በጓሮ በር በድብቅ ስታበላት ነው ያደገችው፤ ይህን ከእናቷ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ራህመት እንደ ጄኔራል ተቀምጣ ትእዛዝ ታወርድ ጀመር። "ሊጡን ስሱ አድርጊው፣ ያንቺ እጅ ያወፍራል። ምስሩ አይፍረስ። የድንብላል ቅጠል ከገበያ ግዢ።"

"ከማን?"

"ካገኘሻት! ዘይቱን ደግሞ አትሰስቺ።"

"እሺ" አሉ እትዬ። "እሺ ራህመት። እሺ እህቴ።" በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ከእሳቸው አፍ እሺ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ደወሉ። ቅጠሉን ከማያውቋት ሴት ገዝተው ጠብሰውላታል። "አንዷን በላች፤ ደገመች። ዛሬ ደግሞ ገንፎውን ራሷ ጠየቀች" አሉና ማልቀስ ጀመሩ። ራህመትም እያለቀሰች ሳምቡሳዋን አሳረረችው።

ስልኩ ወደ እኔ ሲመለስ ስለ ጎመኑ ሪፖርት ላቀርብ ተዘጋጅቼ ነበር።

"ተወው ጎመኑን። አንተ ትናንት ምን በላህ?"

ልዋሽ አሰብኩ፤ አልመጣልኝም።

"ራህመት! ይኼ ልጅ ጦሙን እያደረ አይደለም እንዴ?" ብለው ከድሬዳዋ ጮኹ። ራህመት ሩዝና ዓሣ በሳህን ይዛ መጣች። እስክጨርስ ድረስ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመችብኝ፤ ታዝዛለችና።

እትዬ አራሷን ሳያስነሱ አይመለሱም። ሴትዮዋ አሰልቺ፣ ነዝናዛ፣ ሰው ፊት የሚያሳፍሩ ናቸው፤ ቃሌን አላጥፍም። ግን ከሄዱ ወዲህ ግቢው ባዶ ነው። እንዲያ የጮሁት ስለ እኔ ሆድ ነበር፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ሌላ ሰው ጮኾልኝ አያውቅም። ናፍቀውኛል።