የሳሚ መርዶ

ጉሮሮው ላይ ምላጭ ያረፈበት ሰው ልቦለድ መተረክ የለበትም። ይህን ምክር ከሌላ ሰው አታገኙትም፤ እንደኔ ያለ ሞኝ ከተማው ውስጥ ብዙ የለማ! ካለም እስካሁን አልተረፈም።

እኔ ፈሪ ነኝ። ስናገረውም አላፍርም። ‹‹ፈሪ ለእናቱ›› ሲባል ሌላው ስድብ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ምርቃት ነው የምለው፤ እናቴም በዚህ ትስማማለች። ሊፍት እፈራለሁ። ስልክ በማለዳ ሲጮህ እፈራለሁ። ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል በሚወርድ ሚኒባስ ጋቢና መቀመጥ እፈራለሁ፤ ሹፌሩ ከፍሬኑ ይልቅ መስታወቱ ላይ የለጠፈውን የቅዱስ ሥዕል ነው የሚተማመነው። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጉሮሮውን ገልጦ፣ ከጋሽ ሀብቴ ፊት ምን ያስቀምጠዋል? ልማድ ነዋ! ራሴን እንዳልላጭ ምላጭ መያዝ እፈራለሁ።

ጋሽ ሀብቴ ወደ ውቤ በረሃ መታጠፊያው ላይ፣ ከፈረሳው ሳትታሰብ የተረፈች አንዲት ክፍል ፀጉር ቤት አለው። ሌላው ሁሉ በማሽን ሲላጭ እሱ አሁንም ያንን የሚታጠፍ ምላጩን ይስላል። እጁ መድኃኒት ነው። ግን ቁጡ ነው፤ አቤት ቁጣ! ሲናደድ ምላጩ በአየር ላይ እየተወዛወዘ ንግግሩን ያግዘዋል። ከመስታወቱ ሥር ደግሞ ስልኩ ተቀምጧል። እናቱ ጉራጌ አገር ታመው ተኝተዋል፤ ያ ስልክ በጮኸ ቁጥር ጋሽ ሀብቴ ይደነግጣል፣ ምላጩም አብሮት ይደነግጣል፣ ከምላጩ ሥር ያለሁት እኔ ደግሞ ከሁለቱም የባሰ እደነግጣለሁ።

መጽሐፉ የገባው በዚህ መሀል ነው። ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ የገዛሁት፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ የጠፋ፣ የጥንት አሜሪካኖች ልቦለድ ነው። ርእሱ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደጻፈው አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ሀብቴ የእናቱን ነገር እያሰበ እጁ ሲንቀጠቀጥብኝ፣ ሐሳቡን ላስቀይረው ብዬ ታሪኩን ጀመርኩለት። ለእሱ አዝኜ እንዳይመስላችሁ፤ ለጉሮሮዬ ነው። እጁ ወዲያው ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ያለ ታሪክ ተላጭቼ አላውቅም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፣ የእነዚያን ሰዎች የድሮ ልቦለድ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ጉድ እኮ ነው! የእኛ ተረት ሲሆን ጀግናው ገና እናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ ይታወቃል፤ ክፉውም ከሩቅ ይሸታል። የእነሱን ግን እመኑና ጉድ ሁኑ። ጀግና ነው ብላችሁ የተከተላችሁት ሰውዬ የሰው ፈረስ ሰርቆ ይመጣል። ክፉው ደግሞ ኮፍያውን አንስቶ ለወይዘሮ እጅ ይነሳል፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ይቀመጣል፣ ለልጆች ከረሜላ ያድላል። ይህ አልበቃ ብሏቸው ጀግናም ክፉም ያልሆነ ሦስተኛ ዓይነት ፈጥረዋል፤ ምሁራኑ ‹‹ኢ-ጀግና›› ይሉታል። ይዋሻል፣ ይሰክራል፣ ሲብስበትም ይሸሻል፤ ብቻ ሆዳችሁ ከእሱ ጋር ነው።

ይህን ለጋሽ ሀብቴ ለማስረዳት ስንት ጊዜ ላበኝ መሰላችሁ። እሱ ዓለምን ለሁለት የከፈለ ሰው ነው፤ የተላጨና ያልተላጨ። ሰው ወይ ሰው ነው፣ ወይ ሰው አይደለም፣ ምን መሀል ላይ ይገትረዋል አለኝ። ግማሽ ጺሙን ብቻ ተላጭቶ መንገድ የወጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ ብሎም አፋጠጠኝ። አላየሁም አልኩት። እውነቴንም ነበር።

የመጽሐፋችን ሰው ሳም ይባላል፤ በሁለተኛው ቅዳሜ ግን በጋሽ ሀብቴ አፍ ሳሚ ሆነ፣ የሰፈራችን ልጅ። ሳሚ የፈረስ ሌባ ነው። አንዲት ባሏ የሞተባትን ሴት መሬቷን ያ ከረሜላ አዳይ ባለጠጋ ሊነጥቃት ሲነሳ፣ ሳሚ ሊጠፋ ጭኖት የነበረውን ኮርቻ አውርዶ ከእሷ ጋር ይቀራል። በቃ! ጋሽ ሀብቴ ‹‹ሌባ›› ማለቱን ተወና ችግር ነው ያሰረቀው ማለት ጀመረ። ወንበር ላይ ተራውን የሚጠብቅ አንድ ደንበኛ፣ ሕጉ እኮ ለባለጠጋው ነው የሚያደላው ቢል፣ ጺምህን ሕጉ ይላጭልህ ተብሎ ተባረረ።

ባለጠጋው ሳሚን በሰው መሀል በጥፊ የመታው ቀንማ ተዉኝ! ምላጩ ማንቁርቴ ላይ ቆመ። ሳሚስ ምን አደረገ አለኝ። ዝም አለ አልኩት፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ። ‹‹ዝም አለ?›› አለኝ፤ ምላጩ ጠበቅ አለ። በስመ አብ! ያን ቀን መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ቡጢ ልጨምርለት ትንሽ ነበር የቀረኝ። ግን እንዴት አድርጌ? ገና ስንጀምር አንዲት ቃል እንዳልጨምር፣ አንዲት ቃል እንዳልቀንስ በአራዳው ጊዮርጊስ አስምሎኛል። መሐላ ደግሞ ከምላጭ እኩል እፈራለሁ።

እንግዲህ ባለፈው ዓርብ ከሥራ ስወጣ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩና የነገውን ምዕራፍ፣ ከመጨረሻው በፊት ያለውን፣ ከፈትኩ። ጥቂት ገጽ እንደሄድኩ ሳሚ ሞተ። ከጀርባው በጥይት።

አላዘንኩም አልልም፤ አዝኛለሁ። ግን ከሐዘኑ በፊት እጄ የሄደው ወደ አንገቴ ነው። ነገ ጠዋት እዚያ ወንበር ላይ ተንጋልዬ፣ ያ ሰውዬ ምላጩን ይዞ፣ ‹‹ሳሚስ?›› ሲለኝ ምን ልለው ነው? ፀጉር ቤት ልቀይር? ፒያሳ ውስጥ ፀጉር ቤት መቀየር ሃይማኖት ከመቀየር ይብሳል። ደግሞ እድራችን አንድ ነው፤ ብሞት ከሚቀብሩኝ አንዱ እሱ ነው። የሚገድለኝም የሚቀብረኝም አንድ ሰው ሊሆን እኮ ነው! ማኪያቶዬን ሳልጠጣ ተነሳሁ።

አቶ መርጊያ ዘንድ ሄድኩ። አቶ መርጊያ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ወርቅ ቤት አላቸው፤ ቃላቸውንም እንደ ወርቁ መዝነው ነው የሚያወጡት። ነገሩን ስነግራቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ሰውየው ሞቷል ወይስ አልሞተም አሉኝ። ሞቷል አልኳቸው። ‹‹እንግዲያው ሥርዓት አለው›› አሉ። ‹‹ሀብቴ ይህን ልጅ እንደ ወንድሙ ነው የያዘው። መርዶ ጺም እየተላጩ አይነገርም። በማለዳ፣ በቤቱ፣ በሽማግሌ ነው።››

እውነታቸውን ነው። እኛ አገር መርዶ እንደ ወሬ ጣል አይደረግም። ሐዘንተኛው እንደ ልቡ የሚያለቅስበት ቀን እንዲተርፈው ማለዳ ይነገረዋል፤ ራሱን እንዳይጎዳም ግራና ቀኝ የሚይዙት ሰዎች አብረው ይሄዳሉ። የሚይዙት ሰዎች! እነሱ እሱን ሲይዙት እኔ እሸሻለሁ ማለት ነው። የአቶ መርጊያን እጅ ልስም ምንም አልቀረኝም።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ተሰባሰብን። አቶ መርጊያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት፣ ሁለት ደልዳላ የእድር አባላት ለመያዝ፣ እኔ ከሁሉም ኋላ። እትዬ አስካለም አልቀሩም። እትዬ አስካለ የሰፈሩ አልቃሽ ናቸው፤ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ የሚባል ነገር አያውቁም፤ መጀመሪያ ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ያጣራሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ መሀረባቸውን ይዘው፣ ዝግጁ ሆነው መጡ።

በሩን የከፈተው ራሱ ጋሽ ሀብቴ ነበር። እኛን አየ። ጋቢውን አየ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ፣ ሰዓቱንም ያውቀዋል። እኔም እሱ የሚያየውን ነገር በእሱ ዓይን ያየሁት ያኔ ነው። እናቱ! እናቱ መታመማቸውን ከኔ በላይ ማን ያውቃል? አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። አቶ መርጊያ እንደ ወጉ ‹‹ሀብቴ፣ እንግዲህ የሰው ልጅ…›› ብለው ሳይጨርሱ፣ ‹‹አዶቴ!›› ብሎ ጮኸ፤ እናቱን በጉራጊኛ መጣራቱ ነበር። እዚያው ደጃፉ ላይ ተዘረጋ።

ምላጭ ያስፈራል ያልኳችሁን ተዉት። የሚያስፈራው ሽበታም ሰው እናቴን እያለ መሬት ሲቧጥጥ ማየት ነው፤ ያውም በእኔ ጦስ! ሚስቱ እየጮኸች ወጣች። የጎረቤት በር ሁሉ ተከፈተ። እትዬ አስካለ ‹‹እናት ዓለም›› እያሉ ሙሾውን ለቀቁት፤ የሞተችው እናት መሆኗን የሰሙት ገና አሁን እኮ ነው! አንዱ ድንኳን ይውጣ ይላል፣ ሌላው አገር ቤት የሚሄድ መኪና ይፈለግ ይላል። እኔ መሀል ገብቼ ‹‹አይደሉም! እሳቸው አይደሉም!›› እላለሁ፤ ሰዉ ሐዘን ያናወዘኝ መስሎታል። እሱን እንዲይዙ የመጡት ሁለቱ ደልዳሎች እኔን ግራና ቀኝ ቀፍድደው ያዙኝ። በመጨረሻ ባለኝም በሌለኝም ድምፅ፣ የሞተው ሳሚ ነው፣ የመጽሐፉ ሳሚ ብዬ ጮኽኩ።

እትዬ አስካለ እንኳ ሙሾውን እኩሌታው ላይ አቆሙት። ጋሽ ሀብቴ ካለበት ቀና ብሎ አየኝ፤ አላመነኝም። ስልኩን አወጣና ደወለ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ጸልዬ አላውቅም። የአራዳው ጊዮርጊስ ሆይ፣ እኚህን እናት ብቻ ስልክ አስነሳልኝ፣ ሁለተኛ መጽሐፍ አልነካም አልኩ። ድንገት አንድ የአሮጊት ድምፅ ደጃፉን ሞላው። ቁጣ ነው፣ ያውም የጤነኛ ሰው ቁጣ! ጋሽ ሀብቴ ቁጣውን ከየት እንዳመጣው ያን ቀን ገባኝ። ሚስቱ እንባዋን እየጠረገች፣ ላም ሳይታለብ ስልክ የሚደውል ምን ያለ ሥራ ፈት ነው እያሉት ነው ብላ ተረጎመችልን።

ጋሽ ሀብቴ እያለቀሰ ሳቀ። ከዚያ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ‹‹ተመስገን! እንኳን ሳሚ ሆነ! እንኳን እሱ ሞተ!›› አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እስቲ ፍረዱ! ለሰው መሬት ብሎ የሞተው ምስኪን ሞቱ ፒያሳ ላይ በእልልታ ተሰማ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ገብቶ ቁርስ በላ። አቶ መርጊያ ብቻ ቅር ብሏቸው፣ ያም ሆኖ ነፍስ ይማር ማለት ነበረብን አሉ።

እኔ ግርግሩን ተገን አድርጌ ልሹለክ ስል ጋሽ ሀብቴ ክንዴን ያዘኝ። ቅዳሜ አይደለም እንዴ፣ ና ላስተካክልህ አለኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ። የቁጡ ሰው ለስላሳ ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አትስሙ። ፀጉር ቤቱን ከፈተ፣ ፎጣውን አሰረልኝ፣ ሳሙናውን ቀባኝ፣ የቀኝ ጉንጬን ላጨው። ወደ ግራው ሊሻገር ሲል ማንቁርቴ ላይ ቆመና ማን ገደለው አለኝ። ያ ባለከረሜላው ነው አይደል?

ዓይኔን ጨፈንኩ። አይደለም፣ የገዛ ጓደኛው ነው ለሞት ያበቃው አልኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሳሚን ይወደዋል። ፈሪ ነው ብቻ። አንድ ክፉ ወሬ ሰምቶ፣ ለሳሚ ብቻውን መንገር ፈርቶ፣ ሰው ሰብስቦ በማለዳ በሩ ላይ ቆመ። ሳሚ ሊይዙት የመጡ መሰለውና በጓሮ በር ሲሮጥ፣ ከተሰበሰቡት አንዱ ደንግጦ ተኮሰ።

ይህን እየተናገርኩ የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ዓርብ ይህን ያነበብኩት እኔ፣ ቅዳሜ ያንን ያደረግኩት እኔ! መጽሐፍ ሰውን ያስተምራል ያለው ማን ነበር?

ምላጩ ከቦታው አልተነሳም። ምራቄን መዋጥ ፈራሁ። ጋሽ ሀብቴ፣ እና ይሄ ጓደኛ ተብዬው ጀግና ነው ወይስ ክፉ አለኝ። ሁለቱንም አይደለም፣ ያ ያልገባህ ሦስተኛው ዓይነት ነው አልኩት። ምላጩን ጠረገና አጠፈው፣ ፎጣውንም ከአንገቴ ፈታው። ‹‹አሁን ገባኝ›› አለኝ። ‹‹መጽሐፍህ አንድ ምዕራፍ ይቀረዋል አላልከኝም? ያንተም አንድ ጉንጭ ይቀርሃል። የሚመጣው ቅዳሜ አንድ ላይ እንጨርሳቸዋለን።››

ስለዚህ ኢ-ጀግና ምን ይመስላል ብላችሁ ምሁራንን አታስቸግሩ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ፒያሳ ብቅ በሉ። በቀኝ ሲያዩት ጨዋ፣ በግራ ሲያዩት ሽፍታ የሚመስል፣ ግድግዳ ግድግዳውን ታክኮ የሚሄድ ሰው ካገኛችሁ እሱ ነው። ሰላም ስትሉት ብቻ ቀስ ብላችሁ ይሁን፤ ይደነግጣል።