ሳይገባኝ የማይወጣ ወሬ

ሰው ፍርድ የሚወደው በጎረቤቱ ላይ ሲሆን ነው። ካርቱም አርባ ዓመት ስኖር «ሕግ ይከበር» የማይል አበሻ አላየሁም፤ ሕጉ የራሱን በር ያንኳኳ ዕለት ግን ሁሉም በጓሮ ዞሮ ዘመድ ይፈልጋል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባል የለ። እናንተም እንደዚያው ናችሁ፤ አትፈሩ፣ አላጋልጣችሁም። እኔ ግን ከዚህ ውጭ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ማርታ እዚሁ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር የተወለደች የጎረቤቴ ልጅ ናት። ሕግ ተማረችና፣ ጥብቅና ቆማ እንደ ሰው መኪና በመግዛት ፈንታ፣ ፍርድ ቤት እየዋለች የሰማችውን ለእኛ ለአበሾቹ በስልክ የምታሰማ ሆነች። ፖድካስት ይሉታል። ያንኑ ደግሞ በአንድ ገጽ ጽፋ በየስልኩ ትልካለች፤ አንዳንዱ አትሞ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ከመሥሪያ ቤትም ከደላላም ምንም አትቀበልም። ደጋፊዋ አድማጩ ነው፤ አንዱ ካርድ ይሞላላታል፣ አንዱ በሪክሻው ፍርድ ቤት ያደርሳታል። እኔ ጓዳዬን ሰጠኋት። የመንገድ ጩኸት እንዳይገባ ብላ ብርድ ልብሶቼን ሁሉ ግድግዳው ላይ ሰቀለቻቸው፤ በካርቱም ሙቀት ብርድ ልብስ ሌላ ምን ሥራ አለው።

ከጓዳዬ ይልቅ የጠቀማት ግን ጆሮዬ ነው። መጀመሪያ ስታነብልኝ «ፍርድ ቤቱ ይግባኙን በቅርጽ ተቀብሎ በፍሬ ነገር ውድቅ አድርጎታል» አለች።

«ሰውየው ረታ ወይስ ተረታ?» አልኳት።

«ተረታ።»

«ታዲያ ተረታ በያ። ማዮ ሰፈር ጭቃ ቤት ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ቅርጹ ምን ያደርግለታል?»

ከዚያ ወዲህ ለራሷ ሕግ አወጣች፤ ለእማማ ዘነቡ ያልገባ ወሬ አይወጣም። ከመሠረተ ትምህርት ያላለፍኩት ሴትዮ የጠበቃ ወሬ አሳላፊ ሆንኩ። ኮራሁ፤ ለምን አልኮራ። «ያላ እማማ፣ ገባሽ?» ትለኛለች፤ እዚህ ያደገ አማርኛዋ አንቱታ አያውቅም። «ገባኝ» ካልኩ በማግስቱ ጠዋት ይወጣል።

አንድ እሑድ ከፍርድ ቤት መጥታ አነበበችልኝ። አንድ ደላላ የአሥራ አራት ሠራተኞች ፓስፖርት ይዞ በመከልከሉ ተፈርዶበታል። ባለቤቶቹ እስከ ሐሙስ ከፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ይውሰዱ፤ ያልተወሰደው ወደ ጀዋዛት፣ ወደ ፓስፖርት ቢሮው፣ ይላካል። የደላላው ስም ተካ ነው።

ተካ የወንድሜ ልጅ ነው።

ማርታም ታውቃለች። አንገቷን ደፍታ «ገባሽ?» አለች።

«አልገባኝም» አልኳት።

ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። ስሙን አውጪው ብላት እምቢ እንደምትል አውቃለሁ፤ ጓዳዬን ልቀቂ ብላት ብርድ ልብሶቼን አጣጥፋልኝ ትሄዳለች። የራሷን ሕግ ግን አትጥስም። ሰኞ አሳጥራ መጣች፤ አልገባኝም። ማክሰኞ ጠዋት ይበልጥ አሳጥራ መጣች፤ ራሴን አመመኝ አልኩ። ታዲያ ባሳጠረችው ቁጥር ተካን የሸፈነው የሕግ ቃል እየተገፈፈ ሄደ። ማክሰኞ አመሻሹ ላይ የቀረው ይኸው ነበር፦ «ተካ የሰው ፓስፖርት ደበቀ። እስከ ሐሙስ ሂዱና ውሰዱ።»

«ይኼ ለሕፃን ይገባል፣ እማማ» አለች። አልተቆጣችም፤ ዓይን ዓይኔን ብቻ አየችኝ። ደደብ መባል ደግሞ አልወድም።

«ገባኝ» አልኩ።

ረቡዕ ወጣ። ከሩቁ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ሳይቀር በሪክሻ ተጭነው ሄደው አሥራ ሦስቱ ወሰዱ። አሥራ አራተኛዋ ዝናሽ፣ ማዮ ሰፈር የሰው ልብስ አጣቢ ነበረች። ወሬውን የሰማችው ረቡዕ ሲመሽ ነው፤ ሐሙስ አሠሪዋ እስክትለቃት ቀትር አለፈ፤ ስትደርስ ጸሐፊው ዘግቶ ሄዷል። ጀዋዛት ስትመላለስ ጦርነቱ መጣ። አሥራ ሦስቱ ፓስፖርታቸውን ይዘው የመተማን መንገድ ያዙ። እሷ ያለ ወረቀት በየኬላው ማለፍ ፈርታ ቀረች። እኔ ቤት አስገባኋት። ሰውም ደግነቴን አወራ፤ እኔም አላስተባበልኩ።

«አንድ ቀን ቀድመን ብንሰማ ኖሮ» ትላለች አንዳንዴ። መልሳ ደግሞ ራሷ «መብራት ጠፍቶባቸው ይሆናል» ትላለች።

«ይሆናል» እላለሁ።

ማርታ ወደ ገዳሪፍ ሸሽታ ሥራዋን ከዚያ ቀጥላለች። አዲስ ወሬ ከመጀመሯ በፊት ያለፈውን ስህተቷን የመናገር ልማድ አላት። ያንን ሳምንት ግን አንስታው አታውቅም፤ ስለ እኔ ብላ። ባለፈው ሰሞን ኔትወርክ ብቅ ሲል «እሱንም አውጪው» አልኳት።

«በምን ቃል?» አለች።

«በሚገባ ቃል።»

እንደ ልማዷ መጀመሪያ ለእኔ ላከችው። ዓይኔ ደክሟል፤ የምታነብልኝ ዝናሽ ናት። ይህን ሳላውቅ አይደለም አውጪው ያልኩት። ስልኩን አንስታ አነበበች፦ «እማማ ዘነቡ ገብቷት አልገባኝም አለች። ወሬው ሁለት ቀን ዘገየ። አንዲት ሴት ፓስፖርቷን አጣች።»

ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ገባዎት፣ እማማ?» አለችኝ።

«ገባኝ» አልኳት።