የጋሽ ማሻሻያ ሹመት

ስለ ሥራ ማጣትና ስለ ግብር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ከፈለጋችሁ፣ ሥራም ግብርም የሌለበትን ሰው ጠይቁ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ ካለም ሰፈሩ ገና ተሠርቶ አላለቀም ማለት ነው። የልብስ ሰፊዋ ሰፈር ግን በዚህ በኩል ምንም አልጎደለበትም። ክቡር ጋሽ ማሻሻያ ነበሩለት።

ክቡርነታቸው በመዝገብ ቤት ይሠሩበት የነበረው ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ፊት ለፊት ያለችውን የደንበኞች አግዳሚ ወንበር ይዘው አገር ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። ሥራ አጥ ናቸው ብሎ የሚደፍር የለም። «እኔ በመጠባበቅ ላይ ነኝ» ይላሉ። ምን እንደሚጠባበቁ የጠየቀ ሰው ምሳው ያልፈዋል።

አንድ ሰኞ «ሥራ ላጣ ሁሉ መንግሥት ደመወዝ ይቁረጥለት» አሉ። ማክሰኞ «ነፃ ደመወዝ ሰው ያሰንፋል፣ ይቅር» አሉ። ረቡዕ ደግሞ «ሥራ ያጣ ሰው ግብር ይክፈል፤ ያኔ ተናዶ ሥራ ይፈልጋል» ሲሉ ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ እንደያዘች ቀና አለች።

«ገቢ ከሌለው ከየት አምጥቶ ነው የሚከፍለው፣ ጋሼ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። ኮሚቴ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።»

ያን ቀን ግራ ከመጋባቷ የተነሣ የአንዱን ደንበኛ ሱሪ ኪስ አፉን ደፍና ሰፋችው። ጋሽ ማሻሻያ አዩና «ይህም አንድ የቁጠባ ፖሊሲ ነው» አሉ።

አሳባቸውን ለውጠው የማያውቁት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሥራ ፈላጊዎች መመዝገቢያ ቢሮ በር ላይ በሚታየው ሰልፍ። «እዚያ ከመቆም ሞቴን እመርጣለሁ» ይሉ ነበር፤ ይህን ሲሉ ቀልድ የለም።

በተከታዩ ማክሰኞ ከግብር ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ሦስት የተለያየ ነገር ገባት። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ብላ ሰጠቻቸው። ደስታቸው ወሰን አጣ፤ መነጽራቸውን ጠርገው ማብራራት ጀመሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀድሞ የምታውቀውም ጠፋባት።

«በአጭሩ ይንገሩኝ እንጂ፤ ልክፈል ወይስ ልዝጋ?»

«በመርህ ደረጃ ሁለቱም።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ብቻዋን ከሠራች ግብሯ እጥፍ ይሆናል፤ እጥፉን ከከፈለች ለሱቁ ኪራይ የሚተርፋት የለም። ከአሥር ዓመት በላይ ሥራ አጥቶ የኖረና የሥራ ፈላጊ ካርድ ያወጣ ሰው እስከ ዓርብ ከቀጠረች ግን ጭማሪው ይቀርላታል፤ የሰውየውንም ደመወዝ ለአንድ ዓመት ቢሮው ይከፍላል። ይህን አንቀጽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነበቡት ራሳቸው ጋሽ ማሻሻያ ናቸው። «ከአሥር ዓመት በላይ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከመርፌው አላነሣችም። መልሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል፤ ግን በየትኛው አፏ ታውጣው? እኚህን ሰው «ሥራ አጥ» ብላ ከመጥራት ሱቁን መዝጋት ቀለላት።

«አረቃቀቁ ደካማ ነው» አሉና ደብዳቤውን አጥፈው መልሰውላት ወጡ።

ረቡዕ አልመጡም። ሐሙስም የሉም። አስቀየምኳቸው ይሆን ብላ ተጨነቀች፤ ምንም አላለቻቸውም፤ ምናልባት ያስቀየማቸው ዝምታዋ ይሆን? ሱቁ ጸጥ ሲል ሥራ ይፋጠናል ብላ ታስብ ነበር፤ ጭራሽ እጇ ተሳሰረ። ናፈቋት። ከደብዳቤውም ይልቅ ያልገባት ይሄ ነው። ያልተሰፋውን ልብስ ለየባለቤቱ ልትመልስ በዘንቢል መክተት ጀመረች።

ዓርብ ረፋድ ላይ ጋሽ ማሻሻያ በሩ ላይ ቆሙ። ካርድ ይዘዋል። «ያለ ሥራ የቆዩበት ጊዜ» በሚለው ቦታ «አሥራ አንድ ዓመት» ተብሎ ተሞልቷል፤ ጽሕፈቱ የራሳቸው ነው።

«ጋሼ! ሁለት ቀን ሙሉ ተሰልፈው ነው?»

«አራት ቀን ይፈጅ ነበር። ለሰልፈኛው ፖሊሲውን ሳብራራለት ግማሹ ግራ ገብቶት ወደ ቤቱ ሄደ።»

ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት። እሳቸው ግን አግዳሚው ላይ አልተቀመጡም። «እሺ አለቃዬ፣ ከየት ልጀምር?» ብለው ኮታቸውን አወለቁ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ኮታቸውን ሲያወልቁ አይታቸው አታውቅም። ሸሚዛቸው ከብብቱ እስከ ወገቡ በወፍራም ጥቁር ክር ተንጋዶ ተሰፍቷል፤ ሙያው የሌለው፣ ብቻውን የታገለ እጅ ሥራ ነው። ዓመት ከዓመት ልብስ ሰፊ ፊት ተቀምጠው፣ ማታ ቤታቸው ገብተው መርፌ ሲታገሉ ኖረዋል። አንጀቷን በሉት።

«የመጀመሪያ ሥራዎ» አለች መርፌዋን አንሥታ፣ «ያንን ሸሚዝ ለእኔ መስጠት ነው።»

«ይህ እንኳ በደንቡ መሠረት...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ልብስ ከሚለካበት መጋረጃ ጀርባ ገቡ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ አንድ ቀጭን ክንድ ሸሚዙን ይዞ በመጋረጃው ጥግ ወጣ።